ከአርሲ ከፍታ ሥር ያለው እንፋሎት ስንት ዓመት ይቆያል?

ከአዳማ ወደ አሰላ በሚኒባስ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? ዴራን አልፋችሁ ወደ ኢተያ ስትጠጉ አየሩ ቀዝቀዝ ማለት ይጀምራል። ከፊት ለፊት በግራ በኩል የጭላሎ ተራራ ይታያል፤ ግራና ቀኙ የስንዴና የገብስ ማሳ ነው። አብዛኛው ተሳፋሪ የሚያየው ይህንን ነው። እናንተ ግን በሚቀጥለው ጉዟችሁ ፊታችሁን ወደ ቀኝ፣ ወደ ስምጥ ሸለቆው አዙሩ። እዚያ ታች ቱሉ ሞዬ የሚባል በዕድሜው ወጣት የሆነ እሳተ ገሞራ አለ። አንዳንድ ቦታ ላይ እንፋሎት ከመሬት ይወጣል፤ በተለይ ብርድ በሆነ ጠዋት።

በዚህ ቦታ በ2020 ጥልቅ ጉድጓድ መቆፈር ተጀመረ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቁፋሮውን የያዘው የኬንያው ኬንጄን ነበር። የፕሮጀክቱ ዕቅድ ከመሬት በሚወጣው እንፋሎት ተርባይን አዙሮ፣ በሁለት ምዕራፍ 150 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ ማመንጨት ነው።

ጥያቄው እዚህ ላይ ይመጣል። አንድ ጉድጓድ ተቆፍሮ ሲከፈት በኃይል ይነፍሳል እንበል። ድምፁ ጆሮ ይደፍናል፤ ሁሉም ይደሰታል። ግን ይህ ጉድጓድ ከ20 ዓመት በኋላስ ይነፍሳል? ማመንጫው በብዙ ሚሊዮን ዶላር ተገንብቶ እንፋሎቱ በአምስተኛው ዓመት ቢዳከም፣ ተርባይኑ ይቀመጣል፤ ዕዳው ግን አይቀመጥም። ስለዚህ መልሱ ከግንባታው በፊት ያስፈልጋል። ዛሬ የምነግራችሁ መሐንዲሶች ይህን መልስ እንዴት እንደሚፈልጉና መጀመሪያ የሚታየው ኃይል ለምን ሊያታልል እንደሚችል ነው።

መሬቱ ለምን ተሰነጠቀ?

ስምጥ ሸለቆው ዛሬም እየተከፈተ ነው። በኢትዮጵያ ዋናው ስምጥ ሸለቆ ምሥራቃዊውና ምዕራባዊው ወገን በዓመት ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ጥፍራችሁ በሁለት ወር የሚያድገውን ያህል ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ድንጋይ እንደ ላስቲክ አይለጠጥም። ሲጎተት ይሰነጠቃል። በሸለቆው ወለል ላይ ከሰሜን ሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ደቡብ ምዕራብ የተዘረጋው የወንጂ የስንጥቅ ቀበቶ የዚህ መጎተት ውጤት ነው። ቱሉ ሞዬም፣ በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል ያለው አሉቶም የተቀመጡት በዚሁ ቀበቶ ላይ ነው።

እንግዲህ ከሥር ያለው ማጠራቀሚያ እንደ ታንከር ወይም እንደ ዋሻ ባዶ ቦታ አይደለም። ጠንካራ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ በውስጡ ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፤ በመሃል በመሃሉ ደግሞ ስንጥቆች ያቋርጡታል። በባለሙያዎች አነጋገር «በተፈጥሮ የተሰነጠቀ ሪዘርቯየር» ይባላል።

መረሬ አፈርና ጓሉ

ይህን ለመረዳት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። በበጋ የደረቀ መረሬ አፈር አይታችኋል አይደል? መሬቱ ተሰነጣጥቆ እጅ የሚያስገባ ንቃቃት ይፈጠራል። ንቃቃቱ መሃል ደግሞ ጓል ይቀራል። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ውሃው በንቃቃቱ ውስጥ ሽው ብሎ ይወርዳል። ጓሉን አንስታችሁ ብትሰብሩት ግን ውስጡ ገና ደረቅ ነው። ጓሉ ውሃውን የሚጠጣው ቀስ ብሎ ነው፤ ከጠጣ በኋላም የሚለቀው ቀስ ብሎ ነው።

አንድ መሬት፣ ሁለት ጠባይ። ንቃቃቱ ፈጣን ነው፤ ግን ብዙ አይዝም። ጓሉ ብዙ ይይዛል፤ ግን ዘገምተኛ ነው። ከቱሉ ሞዬ ሥር ያለው ድንጋይም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ የሚያልፈው እንፋሎት መሆኑና ጓሉ አንዳንዴ የአንድ ክፍል ቤት፣ አንዳንዴም የአንድ ሕንፃ ያህል ሊገዝፍ መቻሉ ነው።

ቁጥሩን አብረን እንሥራው

አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ድንጋይ ውሰዱ። ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ አንድ ስንጥቅ አለው፤ ስፋቱ 0.1 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም የአንድ ወረቀት ውፍረት ያህል ነው። የድንጋዩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ደግሞ ከይዘቱ 10 በመቶ ናቸው እንበል።

ስንጥቁ የሚይዘው ስንት ነው? 1 ሜትር × 1 ሜትር × 0.1 ሚሊ ሜትር ስታባዙ 0.1 ሊትር ይመጣል። ከአንድ የሻይ ብርጭቆ ያነሰ ማለት ነው። የድንጋዩ ቀዳዳዎችስ? 100 ሊትር፤ አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን! ሀብቱ በሙሉ ማለት ይቻላል ያለው በድንጋዩ ውስጥ ነው።

አሁን ፍሰቱን እንይ። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ኦንሪ ዳርሲ በ1856 በዲዦን ከተማ ውሃን በአሸዋ ውስጥ እያሳለፈ ሲለካ አንድ ቀላል ሕግ አገኘ፤ ፍሰቱ ከግፊት ልዩነቱና ከአሸዋው የማሳለፍ አቅም ጋር አብሮ ይጨምራል። ይህን የማሳለፍ አቅም «አሳላፊነት» እንበለው። ያቺ የወረቀት ውፍረት ያላት ስንጥቅ ለመላው ድንጋይ የምትሰጠው አሳላፊነት ከ80 ሚሊዳርሲ በላይ ነው። ስንጥቅ የሌለው ጠጣር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ 0.01 ሚሊዳርሲ ቢኖረው የማይገርም ነው። ልዩነቱ 8 ሺህ እጥፍ ገደማ ነው። ፍሰቱ በሙሉ ማለት ይቻላል ያለው በስንጥቁ ውስጥ ነው።

አንድ ሌላ አስገራሚ ነገር አለ። የስንጥቁ ስፋት እጥፍ ቢሆን ፍሰቱ እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ 2 × 2 × 2፣ ስምንት እጥፍ ይሆናል። በተቃራኒው ደግሞ ሙቅ ውሃ ማዕድን እያስቀመጠ ስንጥቁን ሊያጠብ ይችላል፤ በማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ነጭ ነገር ማለት ነው። ስፋቱ በግማሽ ሲጠብ ፍሰቱ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ስለዚህ «ስንጥቅ አለ» ማለት ብቻውን አይበቃም። ክፍት ነው ወይ? ስፋቱስ?

ጉድጓዱ ሲከፈት ምን ይሆናል?

ጉድጓዱ ስንጥቆችን አግኝቶ ተከፈተ እንበል። ታሪኩ ሦስት ምዕራፍ አለው።

በመጀመሪያ በስንጥቆቹ ውስጥ ያለው እንፋሎት ይወጣል። በኃይልና በፍጥነት። ያን ጊዜ የምትለኩት ስንጥቁን ብቻ ነው።

ቀጥሎ የስንጥቆቹ ግፊት ይወርዳል፤ በድንጋዩ ውስጥ ያለው ግን ገና ከፍ እንዳለ ነው። ልዩነቱ ሲሰፋ ድንጋዩ ወደ ስንጥቁ መልቀቅ ይጀምራል። በዚህ ጊዜ የግፊቱ መውረድ ጋብ ይላል፤ በግራፍ ላይ እንደ ደረጃ ጠፍጣፋ ሆኖ ይታያል።

በመጨረሻ ስንጥቁና ድንጋዩ ተስተካክለው አብረው ይወርዳሉ። ከዚህ በኋላ ማጠራቀሚያው እንደ አንድ አካል ይሠራል።

ይህን ሐሳብ በሒሳብ ያስቀመጡት የሶቪየቶቹ ባሬንብላት፣ ዜልቶቭና ኮቺና ናቸው፤ በ1960። በ1963 ዋረንና ሩት የተባሉ አሜሪካውያን ማጠራቀሚያውን እንደ ተደረደረ ኪዩብ ስኳር ሥለው ለነዳጅ መሐንዲሶች እንዲመች አደረጉት። ኪዩቦቹ ድንጋዩ ናቸው፤ በመሃላቸው ያለው ክፍተት ስንጥቁ ነው። ነገሩ በሁለት ቁጥሮች ይጠቃለላል። አንደኛው «ከጠቅላላው ክምችት ስንጥቁ የያዘው ስንት እጅ ነው?» ይላል፤ በእኛ ምሳሌ ከሺህ አንድ ነው። ሁለተኛው «ድንጋዩ ለስንጥቁ የሚያቀብለው በምን ያህል ቅለት ነው?» ይላል። የ20 ዓመቱን ጥያቄ ይበልጥ የሚወስነው ይህ ሁለተኛው ነው።

ለምን? ድንጋዩ ለመልቀቅ የሚፈጅበት ጊዜ በጓሉ መጠን ላይ በጣም ስለሚወሰን ነው። ጎኑ እጥፍ ሲሆን ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል። የእኛው ድንጋይ እንፋሎት ብቻ ቢይዝና ግፊቱ 30 ባር ቢሆን (ከመኪና ጎማ ግፊት ከ10 እጥፍ በላይ ነው)፣ የአንድ ሜትር ጓል ምላሽ የሚሰጠው በ4 ሰዓት ገደማ ነው። ጓሉ 50 ሜትር ቢሆንስ? 50 × 50 ማለት 2,500 እጥፍ ነው። 4 ሰዓቱ ከአንድ ዓመት በላይ ይሆናል። በቀዳዳዎቹ ውስጥ የሚፈላ ውሃ ካለ ደግሞ ከዚህም ይረዝማል።

እንግዲህ አስቡት። ጉድጓዱ ለአንድ ሳምንት ቢፈተሽ፣ ጓሉ ትንሽ ከሆነ ሁለቱንም አይታችኋል። ጓሉ ትልቅ ከሆነ ግን የለካችሁት ያችን የሻይ ብርጭቆ ብቻ ነው፤ ጀሪካኖቹን ገና አልነካችኋቸውም።

ጋዝ መሆኑ ነገሩን ያከብደዋል

ውሃን ብትጨምቁት ብዙም አይታመቅም። ጋዝ ግን የብስክሌት ጎማ ስትነፉ እንደምታዩት ይታመቃል። ግፊቱ በግማሽ ሲወርድ ያው ጋዝ እጥፍ ቦታ ይፈልጋል። ከዚህም በላይ፣ ግፊቱ ሲወርድ ግፊት በድንጋዩ ውስጥ የሚስተካከልበት ፍጥነት ራሱ ይቀንሳል። 30 ባር ላይ 4 ሰዓት የፈጀው ነገር 15 ባር ላይ 8 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ማጠራቀሚያው እየደከመ ሲሄድ ይበልጥ ዘገምተኛ ይሆናል ማለት ነው። ይህ የእንፋሎት ብቻ ጠባይ አይደለም፤ የተፈጥሮ ጋዝም እንዲሁ ነው።

እንፋሎት ግን ከተፈጥሮ ጋዝ የሚለይበት አንድ መልካም ነገር አለው፤ ድንጋዩ ትኩስ ነው። በ250 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ያለ አንድ ሜትር ኩብ ድንጋይ በ10 ዲግሪ ብቻ ሲቀዘቅዝ የሚሰጠው ሙቀት 15 ኪሎ ግራም ያህል ውሃ ወደ እንፋሎት ይለውጣል። ግፊቱ ሲወርድ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ያለው ውሃ ይፈላል፤ አዲስ እንፋሎት ይወለዳል። ውሃ እስካለ ድረስ ድንጋዩ ምድጃም ጎተራም ነው።

እኔ የተሳሳትኩበት ቦታ

እኔ ኢንጂነሪንግ ነው የተማርኩት፤ አሁን ድህረ ምረቃ ላይ የምሠራው እንዲህ ያለውን ፍሰት በኮምፒውተር መተንበይ ነው። የመጀመሪያ ሞዴሌን የሠራሁት ለልምምድ በተሰጠን ቁጥር ነበር። አሳላፊነቱን ከጉድጓዱ ሙከራ ወሰድኩ፤ ትልቅ ነበር። ክምችቱን ደግሞ ከድንጋዩ ናሙና ወሰድኩ፤ እሱም ትልቅ ነበር። ሁለቱን ደባልቄ አንድ ዓይነት ድንጋይ አደረግኋቸው። ኮምፒውተሩ ደስ የሚል ውጤት ሰጠኝ፤ ለ25 ዓመት ብዙም የማይወርድ መስመር። የመጀመሪያዎቹን ቀናት መረጃም አሳምሮ ገጠመልኝ። ኩራቴን አትጠይቁኝ!

አስተማሪዬ ውጤቱን አዩና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ «ይህ ድንጋይ የት ነው ያለው?» መልስ አልነበረኝም። እንደ ስንጥቅ የሚያፈስ፣ እንደ ጓል የሚያከማች ድንጋይ ሠርቼ ነበር። እንዲህ ያለ ድንጋይ የለም። ስንጥቁንና ድንጋዩን ለያይቼ፣ ጓሎቹንም ትልልቅ አድርጌ ስደግመው፣ ያ ቀጥ ያለ መስመር ገና በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ክፉኛ ወረደ። የሙከራው መረጃ በሁለቱም ሞዴሎች ላይ ገጥሞ ነበር፤ የተለያዩት ከሙከራው በኋላ ባለው ጊዜ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ሞዴል ከመረጃ ጋር ገጠመ ሲባል ቶሎ አልደሰትም።

ዛሬ ባለሙያዎች ጓሉን ራሱን ይከፋፍሉታል። በ1980ዎቹ ፕሩስና ናራሲምሃን በካሊፎርኒያው የሎረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ ያመጡት ዘዴ እያንዳንዱን ጓል እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በንብርብር ይስለዋል። የውጩ ልጣጭ መጀመሪያ ይለቃል፤ የውስጠኛው ቆይቶ። ለጂኦተርማል ሥራ በጣም ይጠቅማል፤ ሙቀቱም ግፊቱም ከጓሉ ውስጥ ወደ ውጭ የሚመጣው በዚሁ ቅደም ተከተል ነውና።

ካሊፎርኒያ የከፈለችው ዋጋ

ይህ ሁሉ የወረቀት ሥጋት አይደለም። በሰሜን ካሊፎርኒያ ዘ ጋይዘርስ የሚባል ቦታ አለ፤ በዓለም ትልቁ የጂኦተርማል ኃይል ማመንጫ ነው። ድንጋዩ ጠጣር፣ ስንጥቁ ብዙ፣ የሚወጣውም ደረቅ እንፋሎት ነው። በ1960 ሥራ ጀመረ፤ ጉድጓዶቹ ጥሩ ሲሆኑ ማመንጫዎች በላይ በላዩ ተጨመሩ። በ1980ዎቹ መጨረሻ የተተከለው አቅም 2,000 ሜጋ ዋት አካባቢ ደረሰ። ያን ጊዜ ግን ግፊቱ መውረድ ጀምሮ ነበር። ምርቱ አሽቆለቆለ፤ የተተከለው ማሽን የሚበቃውን እንፋሎት አጣ።

ምን አለቀ? ሙቀቱ አላለቀም፤ ድንጋዩ ገና ትኩስ ነበር። ያለቀው ውሃው ነው። መፍትሔውም ከዚሁ መጣ። ከ1997 ጀምሮ ከሌክ ካውንቲ፣ ከ2003 ጀምሮ ደግሞ ከሳንታ ሮዛ ከተማ የተጣራ የፍሳሽ ውሃ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝም ቧንቧ እየመጣ ወደ መሬት ይመለሳል። ውድቀቱ ጋብ አለ።

መመለሱም ራሱ ጥበብ ይጠይቃል። ቀዝቃዛውን ውሃ ያለቦታው ብትጨምሩት፣ ድንጋዩን ሳይነካ በአንድ ሰፊ ስንጥቅ በኩል ሮጦ ወደ አምራቹ ጉድጓድ ይደርሳል፤ እንፋሎት የሚሰጠውን ጉድጓድ ያቀዘቅዘዋል። ለዚህ ነው መሐንዲሶች ውሃው ውስጥ ጠቋሚ ቅመም ጨምረው በየትኛው ጉድጓድ፣ ከስንት ቀን በኋላ እንደሚወጣ የሚጠብቁት። ቶሎ ከወጣ መጥፎ ዜና ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ

አገራችን የራሷ ትምህርት አላት። በአሉቶ ከ1981 እስከ 1985 ስምንት ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከእሳተ ገሞራው መሃል ርቀው ስለነበሩ በቂ ሙቀት አላገኙም። ሦስተኛውና ስድስተኛው ግን ትኩሱ ፈሳሽ በስንጥቅ በኩል ሽቅብ የሚወጣበትን መስመር አገኙ፤ ሙቀታቸው ከ300 ዲግሪ በላይ ሆነ። በአንድ ተራራ ላይ፣ በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት፣ ይህን ያህል ልዩነት! በ1998 በዚያ ቦታ 7 ሜጋ ዋት ገደማ የሚያመነጭ የሙከራ ጣቢያ ሥራ ጀመረ። ከዓመታት በኋላ የተቆፈሩት ዘጠነኛውና አሥረኛው ጉድጓዶች ደግሞ ቀጥ ብለው አልወረዱም፤ ሆን ተብሎ ዘመም ተደርገዋል። ምክንያቱ አሁን ሳይገባችሁ አይቀርም። ስንጥቆቹ ቁልቁል የቆሙ ናቸው። ቀጥ ያለ ጉድጓድ በሁለት ስንጥቆች መሃል ሳይነካቸው ሊያልፍ ይችላል፤ ዘመም ያለው ግን አንዱን ካንዱ እያቋረጠ ይሄዳል።

በቤታችሁ ሞክሩት

ሁለት የፕላስቲክ የውሃ ጠርሙሶች አፋቸውን ቁረጡ። በአንዱ ውስጥ ለስላሳ ጠጠር ወይም ብይ፣ በሌላው ውስጥ የተሰበረ የሸክላ ጀበና ወይም ምጣድ ገል ሙሉ። ሁለቱንም ውሃ ሞልታችሁ አሳድሩ። ጠዋት ሥራቸውን ብሱና ውሃው እስኪያቆም ይፍሰስ። ሁለቱም ሽው ብለው ይለቃሉ፤ በዚህ ሰዓት ልዩነታቸውን መናገር ይከብዳል። አሁን በሚዛን መዝኗቸው፤ ፀሐይ ላይ አውሏቸውና ማታ ድጋሚ መዝኑ። ከጠጠሩ ጠርሙስ ትንሽ ይጎድላል። ከገሉ ግን በዛ ያለ ይጎድላል፤ ውሃው በገሉ ቀዳዳዎች ውስጥ ነበርና ቀኑን ሙሉ እንፋሎት ሆኖ ሲወጣ ውሏል። የመጀመሪያው ደቂቃ ሁለቱን አልለየም፤ ቀኑ ግን ለየ።

እንግዲህ ወደፊት «አዲሱ ጉድጓድ ይህን ያህል ሜጋ ዋት ሰጠ» የሚል ዜና ስትሰሙ ደስ ይበላችሁ፤ ደስም የሚል ነው። ነገር ግን ሁለት ጥያቄ ጨምሩበት። ለስንት ቀን ተፈተሸ? ስንጥቆቹስ ምን ያህል ይራራቃሉ? ከዚህ ጽሑፍ አንባቢዎች መካከል አንዳችሁ አንድ ቀን ይህን ጥያቄ በቱሉ ሞዬ ጉድጓድ አፍ ላይ ቆማችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ያን ጊዜ የጉድጓዱ ጩኸት አያታላችሁ፤ ጓሉን ጠይቁት።